በጨው ጓሮ የበቀለ የባሕር አረም

ይታየሽ ወልደ ጻድቅ የሰቆጣ ጨው ቸርቻሪ ናት። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል፣ ኋላ ኋላም በጭነት መኪና የሚመጣውን አሞሌ ከነጋዴ ትረከብና፣ ጓሮዋ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በምሳር እየፈለጠች፣ ለከብት የሚሆነውን በትልቁ፣ ለወጥ የሚሆነውን በትንሹ አድርጋ ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ ታወጣለች። ሥራውን ከአባቷ ወርሳዋለች። ምላሷንም እንዲሁ። ገበያተኛው «የይታየሽ ጨው ይጥማል፣ አፏ ግን ይፈጃል» ሲል እሷ ደግሞ «የምሸጠው ጨዉን ነው፤ አፌ ምርቃት ነው» ትላለች።

ጨው የሚፈለጥበት ጓሮ ሣር እንኳ አያበቅልም ነበር። ሁለት ትውልድ ሙሉ የጨው ብናኝ እየጠጣ መሬቱ ነጥቷል። እናቷ በሕይወት ሳሉ ጎመን ተክለውበት በሳምንቱ ቢጫ ሆኖ ሞተ። ጌሾም ተሞከረ፤ ጌሾው ከጎመኑ ሦስት ቀን ቀድሞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ያንን መሬት የሚመኝ ሰውም ተክልም አልተገኘም።

ባሏ ምንዋጋው በ1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ምጽዋ ተላከ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። በ1982 ምጽዋ ስትያዝ እሱም አብሮ ጠፋ፤ ሞቷል ተባለ። ይታየሽ ደረቷን ደቃች፣ ንፍሮ ቀቀለች፣ አገሩ መጥቶ ንፍሮውን በላ፣ ተዝካሩም ወጣ። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ካለቀ በኋላ፣ ሐምሌ 1983 ላይ፣ ሟቹ በእግሩ መጣ።

«ያን ሁሉ ንፍሮ እንግዲህ በከንቱ ነው የቀቀልኩት?» አለች በሩ ላይ ቆሞ ስታየው። ከዚያ ጨው ልትፈልጥ ወደ ጓሮ ገባችና ምሳሯን አንስታ፣ አንድም አሞሌ ሳትፈልጥ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እስኪደክማት አለቀሰች።

ምንዋጋው ይዞት የመጣው ንብረት የሚያስቀና አልነበረም፤ የተቀደደ የወታደር ሱሪ፣ ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማ፣ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ። እና አንድ ትራስ። ከዱቄት ከረጢት የተሰፋ፣ ርዝመቱ ክንድ የማይሞላ፣ ጠርዙ ዙሪያውን በቀይ ክር የተዘመዘመ ትራስ።

«ይህን እንዳትነኪው» አለና ቆጥ ላይ ሰቀለው።

ይታየሽ ማሰብ ጀመረች። አንድ ወታደር ጠመንጃውን አስረክቦ፣ በምርኮ ከርሞ፣ ያን ሁሉ አገር በእግሩ ሲያቋርጥ ትራስ ይሸከማል? በመንገድ ላይ ሲርበው ቀበቶውን ሳይቀር ሸጦ በልቷል፤ ይህን ራሱ ነግሯታል። ትራሱን ግን አልሸጠም። አሸተተችው፤ ላብም ሽቶም አይሸትም። ስፌቱን አየችው፤ እንዲህ ያለ ስፌት ከወንድ እጅ አይወጣም። ነገሩ እንደ ቀትር ፀሐይ ግልጽ ሆነላት። ምጽዋ ውስጥ አንዲት ሴት አለች፤ ስፌት ታውቃለች፤ ቀይ ክር ትወዳለች።

ስምንት ወር ታገሠች፤ ለይታየሽ ይህ ገዳም እንደ መግባት ነው። መጋቢት ላይ፣ ምንዋጋው የሰው እርሻ ሊገምስ በወጣበት ጠዋት፣ ትራሱን አውርዳ ጓሮ ወሰደችውና በቢላ ጫፍ ቀዩን ክር ፈትታ አራገፈችው። ከውስጡ የወጣው ጥጥ አልነበረም። ነጭ፣ ከጥጥ የቀለለ፣ እስትንፋስ የሚያስነሳው ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ብናኝ ከሥሩ ከኑግ የቀጠነች ቡናማ ፍሬ አንጠልጥሏል። ከፊሉን ነፋስ ወሰደው። የቀረው ጨዉ ላይ ተነጠፈ።

«ጥጥ መግዣ እንኳ የላትም!» አለች ይታየሽ። ይኸኛው ከሁሉ ይበልጥ አናደዳት። ሰው ከወሸመ አይቀር ምናለ ደኅና ሰው ቢወሽም?

ባዶውን ጨርቅ አጥፋ እቦታው መለሰችው። ማታ ምንዋጋው ገብቶ ቆጡን አየ፤ ጨርቁን አወረደ፤ እጁን ወደ ውስጥ ሰድዶ ባዶነቱን አረጋገጠ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጠ። አልመታትም፣ አልጠየቃትም። ሦስት ቀን ቃል አልተናገረም። በአራተኛው ቀን «ጨው ቢጨመርበት» አለ፤ ስለ ወጡ ነው። ይታየሽም ዝምታውን እንደ ኑዛዜ ቆጥራ መዝገቡን ዘጋች።

መሬቱ ግን አልዘጋውም። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲያበቃ ምንም የማይበቅልበት ጓሮ አበቀለ። ቅጠሉ እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ፣ መሬት ላይ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ የሚተኛ፣ ሲቆርጡት ወተት የሚያፈስ ተክል ነው። መስከረም ላይ ቢጫ አበባ አወጣ። አበባው ጠዋት ይከፈታል፣ ቀትር ላይ እንደ ባለሥልጣን ቢሮ ይዘጋል። በስተመጨረሻ ነጭ ጉንጉን ጸጉር አበጀ፤ ይታየሽም ጸጉሩን ስታይ ወዲያው አወቀችው። የትራሱ ነው።

«ጣውንቴ ወለደች» አለች።

መንቀል ጀመረች። ሥሩ እንደ ካሮት ወደ ታች ይወርድና እመሃል ላይ ይበጠሳል። በዶማ ቆፈረች፤ ይበጠሳል። በሳምንቱ ከተበጠሰበት ሁለት ይሆናል። ለፍየል ሰጠችው፤ ፍየሏ ወደደችው፤ ተክሉ ግን ፍየሏንም ወደዳት መሰለኝ፣ በተጋጠ ቁጥር ይወፍራል። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ስድስት ዓመት። ሰቆጣ መብራት ገባላት፣ ስልክ ገባላት፣ ይታየሽ ጣውንቷን ትነቅላለች። አንድ ቀን ጠዋት ጭራሽ ምንዋጋውን ጓሮ ቁጢጥ ብሎ ቅጠሉን ሲያኝክ አገኘችው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ይመራል» አለና ተነስቶ ሄደ።

ይህን ያህል ነው የተነጋገሩት።

ጥቅምት 1990 ላይ ዶክተር አሥራተ ማርያም ሰቆጣ ገባ። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ ቅጠል ሲያደርቅ የኖረ፣ ሸምገል ያለ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። የዋግን ዕፅዋት ሊመዘግብ ነበር የመጣው፤ መንገድ የሚያሳየው ደግሞ ፋንታሁን የሚባል የወረዳው ግብርና መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነው። ፋንታሁን ተክልና ተክል ሊያምታታ ይችላል፤ ሪፖርትና ሪፖርት ግን አምታትቶ አያውቅም። ሁለቱ በይታየሽ በር ሲያልፉ ዶክተሩን ሆዱን ቆረጠው። ዝርዝሩ ለእግዜር ይቆይና፣ ሰውየው ጓሮ ለመነ፤ ይታየሽም አሳየችው።

ቆየ። በጣም ቆየ። ፋንታሁን «ምነው ደኅና ናቸው?» ብሎ ገብቶ ሲያይ፣ ዶክተሩ ከነክራባቱ በደረቱ ተኝቶ፣ አፍንጫውን ቅጠል ላይ ተክሎ፣ በአጉሊ መነጽር ያያል።

«ይህ ተክል እዚህ ሊኖር አይገባም!» ብሎ ጮኸ።

«ይሰማዎት እንጂ!» አለች ይታየሽ ከበሩ። «እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ አይደል የምለው!»

ዶክተሩ ተነስቶ አቧራውን ሳያራግፍ አንድ አበባ ቆርጦ አሳያት። በባሕር ዳርቻ የሚበቅል፣ ፈረንጆች ዳንዴሊዮን የሚሉት የአረም ዘር ነው አላት፤ በተማሪነቱ ቀይ ባሕር ጠረፍ፣ አሸዋ ላይ አይቶት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላየውም። «ይህ አንድ አበባ ይመስልዎታል? አይደለም፤ ጉባኤ ነው። እያንዳንዱ ቢጫ ምላስ ራሱን የቻለ አበባ ነው፤ የየራሱ ፍሬ፣ የየራሱ ጃንጥላ አለው።»

«ጉባኤ ነዋ! ለዚህ ነው ከመስፋፋት በቀር ሥራ የሌለው» አለች ፋንታሁንን እያየች።

«መሬት ለመሬት የሚተኛው የባሕሩ ነፋስ እንዳይጥለው ነው። ሥሩ ደግሞ ረጅም ነው፤ ከጨዋማው አሸዋ ሥር ጣፋጭ ውሃ ፍለጋ ይወርዳል። ሲነቅሉት ይበጠሳል፤ ከተበጠሰው ሁለት ሦስት ሆኖ ያቆጠቁጣል።»

ይታየሽ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ስለዚህ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ስነቅል...»

«ሲያባዙት ነው የኖሩት።»

ይታየሽ ጥግ የቆመውን ዶማ አንስታ ከአጥሩ ውጭ ወረወረችው። ዶክተሩ ግን በሌላ ነገር ተጨንቆ ነበር። ከባሕር ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ያውም በዚህ ጓሮ ብቻ፣ እንዴት ኖረ? ከአጥር ውጭ አንድም የለም።

«ጨው ነዋ!» አለች። «ያባቴም የእኔም የምሳር ብናኝ እዚህ ነው የሚወድቀው። የአፋር ጨው ደግሞ ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ድሮ ባሕር ነበር። ሞኙ ተክል ባሕር ዳር ያለ መስሎታል።»

ዶክተሩ ግንባሩን መታና ይህን ቃል በቃል ጻፈው። ፋንታሁን አልጻፈም፤ የጨው ቸርቻሪ አስተያየት በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ስላላወቀ ነው።

ፋንታሁን የጻፈው ሌላ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። አገሪቱ ባሕሯን ካጣች ጥቂት ዓመት ሆኗታል፤ የባሕሩ አረም ሰቆጣ ተገኘ ሲባል ሰዎቹ ባሕሩ ራሱ ተመልሶ የመጣ ያህል ተሯሯጡ። ጓሮው በሽቦ ታጠረ። በሩ ላይ ቆርቆሮ ተሰቀለ፤ «ብርቅዬ የባሕር ዕፅ ጥብቅ ሥፍራ። መንቀል፣ ማስጋጥና መጸዳዳት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል። የመጨረሻው ክልከላ ተክሉን ያገኘውን ሰው የሚነካ መሆኑን ያስተዋለ የኮሚቴ አባል አልነበረም። ይታየሽ ባባቷ ድንጋይ ላይ ጨው እንዳትፈልጥ ተነገራት፤ ድንጋዩ ወደ ደጅ ተንከባለለ። ዘበኛ ያስፈልጋል ተባለ። ዘበኛ ማን ይሁን? የውትድርና ልምድ ያለው፣ ለቦታው ቅርብ የሆነ ሰው። ምንዋጋው አዲስ ኮፍያና ዱላ ተሰጠው።

«ደግ ነው» አለች ይታየሽ ኮፍያውን እያስተካከለችለት። «ይህን ሁሉ ዓመት በድብቅ ስትጠብቃት ኖረሃል፤ አሁን መንግሥት ፈቀደልህ።»

ምንዋጋው አልገባውም። ዱላውን ይዞ ሽቦው በር ላይ ቆመ።

ዶክተሩ ከመመለሱ በፊት ባለው ቀን ኮሚቴው ጓሮው ውስጥ ወንበር ደርድሮ ስብሰባ ተቀመጠ። አጀንዳው አንድ ነበር፤ ተክሉ ከባሕር ሰቆጣ እንዴት መጣ? ፋንታሁን ወፍ አምጥታው ይሆናል አለ። ሌላው ግመል ነው አለ፤ ከጨዉ ጋር። ሦስተኛው፣ በየስብሰባው የሚያንቀላፋ ሰውዬ፣ ነቃ ብሎ «ባሕሩ ድሮ እስከዚህ ይደርስ ነበር» አለና ተመልሶ ተኛ። ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ግመሉ ከባሕር ዳርቻ አይመጣም፣ የጨው በረሃው ላይ ደግሞ ተክሉ የለም። ይታየሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልተጠየቀችም። ግን ወፍና ግመል ሲመሰገኑ እየሰማች ዝም ማለት ከአቅሟ በላይ ሆነባት።

«በትራስ ነው የመጣው!» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«ባሌ ምጽዋ ሳለ ውሽማ ነበረችው። ትራስ ሰፍታ ሰጠችው፤ ጥጥ ስላልነበራት በዚህ ሞላችው። እኔ ነኝ ፈትቼ እዚህ ያራገፍኩት። ጻፉት! ከፈለጋችሁ ስሟንም ጠይቁልኝ፤ እሱ እንደሁ ነግሮኝ አያውቅም።»

ምንዋጋው ዱላውን ተደግፎ በሽቦው በር ቆሞ ነበር። ኮፍያውን አወለቀ።

«ጓንጉል ይባላል» አለ።

«ማን?»

«ትራሱን የሰፋው። ጓንጉል ይባላል። የሰሃላ ልጅ ነው።»

ከዚያ ሰውየው ተናገረ። ከ1983 ወዲህ በአንድ ጊዜ ከአምስት ቃል በላይ ሲያወጣ የሰማ የለም፤ አሁን ግን መሬት መሬቱን እያየ፣ ሳያቋርጥ ተናገረ። እሱና ጓንጉል ከምጽዋ በስተደቡብ፣ ከባሕሩ ዳር አንድ ጥበቃ ላይ ሁለት ዓመት አብረው ነበሩ። ከድንኳኑ ጀርባ ይህ ተክል አሸዋውን ሸፍኖት ነበር። ስንቅ ሲዘገይ ቅጠሉን ቀቅለው ይበሉታል፤ ይመራል፣ ግን አይገድልም። ጓንጉል እጁ ሥራ ያውቃል፤ የመቶውን ጦር ልብስ ሁሉ የሚሰፋው እሱ ነበር። እናቱ ድንጋይ ተንተርሳ እንደምታድር አንድ ቀን ለምንዋጋው ነገረው። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ ጤዛው ሳይደርቅና ነፋሱ ሳይነሳ፣ ነጩን ጸጉር ይለቅማል። ወታደሩ ሁሉ ሳቀበት። ከዱቄት ከረጢት ሰፋው፤ ቀዩን ክር ከአንድ የተቀደደ ባንዲራ ጠርዝ ነው የመዘዘው።

«የካቲት ላይ ሞተ» አለ ምንዋጋው። «ትራሱ ራሱ ሥር ነበር። ደም አልነካውም። ለእናቱ አደርሳለሁ ብዬ ወሰድኩት። ሲማርኩኝ የያዙኝ ልጆች ፈተሹት፤ ትራስ መሆኑን ሲያዩ ስቀው መለሱልኝ።»

«ታዲያ ለምን አላደረስክም?» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ።

«ፈራሁ። ‹ልጄስ?› ስትለኝ፣ ምን ልበላት? ትራስ ልስጣት? ዛሬ ነገ ስል...» ይታየሽን ቀና ብሎ አያት፤ «ከዚያማ ባዶ ሆነ። ባዶ ጨርቅ ይዤ ልሂድ?»

የሚያንቀላፋው ሰውዬ እንኳ ነቅቷል።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ይታየሽ።

«አልጠየቅሽኝም።»

«እንዲህ ያለ ነገር ሰው እስኪጠየቅ ይጠብቃል?»

«ትራሱን ስትፈቺው ጠይቀሽኝ ነበር?»

ዶክተር አሥራተ ማርያም ማስታወሻው ላይ «በሰው» ብሎ ጻፈና እርሳሱን ኪሱ ከተተ። ፋንታሁን ግን ሥራ ነበረበት። «ይቅርታ» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በቃለ ጉባኤው ላይ ‹ትራስ› ብለን ነው የምንይዘው ወይስ ‹ቁሳቁስ›?» ለሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። በሙሉ ድምፅ «በወታደራዊ ቁሳቁስ አማካይነት» ተባለ።

ዶክተሩ ሲሄድ ፋንታሁንን እጁን ይዞ «አፈሩን አትንኩት፤ የወይዘሮዋን ጨውም አታርቁበት፤ እንደነበረ ይሁን» አለው። ፋንታሁን «በሚገባ» አለ።

በማግስቱ ማለዳ ይታየሽ ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ገብታ ተገኘች። ጤዛ ያረገዘውን ነጭ ጸጉር በጣቷ እየቆነጠረች እንቅብ ውስጥ ታኖራለች። ዘበኛው ሕግ ሲጣስ አይቶ ጀርባውን ሰጠና ወደ መንገዱ መመልከት ጀመረ። በየቀኑ እንዲሁ። አንድ ጠዋት ፋንታሁን ደረሰባት።

«ወይዘሮ ይታየሽ! ብርቅዬውን ዕፅ?»

«እየቆጠርኩልዎት ነው» አለች ቀና ሳትል። «ሪፖርቱ ላይ ቁጥር አያስፈልግም?»

ፋንታሁን ቁጥር ሲባል ልቡ ይቀልጣል፤ አመስግኖ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ለቀመች። በመጨረሻ አውጥታ ስትጨብጠው አንድ እፍኝ አልሞላም። ይታየሽ እፍኟን አየች። ያን ትራስ ለመሙላት ያ ልጅ ስንት ማለዳ በአሸዋው ላይ ጎንበስ ብሏል? እሷ ያራገፈችውስ በስንት ጊዜ ውስጥ ነበር? አንድ ቅል ውሃ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀባትም። እፍኙን ጨርቁ ውስጥ አደረገች፤ ቀይ ክር ከገበያ ገዛች፤ ጠርዙን እሷ ሰፋችው። ስፌቱ ጠማማ ሆነ። ከወንድ እጅ የወጣውን አላከለም።

«ተነስ» አለችው ምንዋጋውን። «ሰሃላ እንሄዳለን።»

«ዘበኝነቱስ?»

«አረሙ ያላንተ አንድ ሺህ ዓመት ኖሯል።»

ሦስት ቀን በእግር ሄዱ። ሁለተኛው ቀን ላይ መንገዱ ወደ ቆላው ሲያዘቀዝቅ ምንዋጋው እግሩ ተሳሰረ። ሰው ሲያልፍ ይቀመጣል፤ ውሃ ሲያይ ይቀመጣል፤ ዛፍ ሲያይ ይቀመጣል። ይታየሽ ከፊት ከፊት እየሄደች አልሰደበችውም። ይህ ራሱ አስፈራው።

የጓንጉልን እናት፣ ወይዘሮ ለተሥላሴን፣ ማሽላ ቆርጠው ሲከምሩ አገኟቸው። ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ጉልበታም አሮጊት ናቸው። ምንዋጋው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ሰላምታ ሰጠና ዓይኑን ማሽላው ላይ ተከለ። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩት። አቋሙን አዩ፤ እጁ ላይ ያለውን ትንሽ ጥቅልል አዩ። ማጭዱን አስቀመጡ።

«ስምህ ምንዋጋው ነው?» አሉ።

ምንዋጋው ጥቅልሉን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «እንዴት አወቁኝ?»

«ልጄ ለእረፍት በመጣ ሰው ቃል ልኮልኝ ነበር። ‹እዚህ ምንዋጋው የሚባል የዋግ ልጅ አለ፣ ዝምተኛ ነው፣ አብረን ነን› ብሎ። አብረው ሞቱ ብዬ ለሁለታችሁም ነው ያለቀስኩ። በየዓመቱ ስምህን ለቄሱ እሰጣለሁ።»

«ለነፍሱ ነው?» አለች ይታየሽ።

«ለነፍሱ ነዋ!»

«በሁለት ቤት ተለቅሶልህ አሁንም አለህ?» አለችው ይታየሽ ባሏን።

ምንዋጋው ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራቸው፤ ባሕሩን፣ ማለዳውን፣ የካቲትን። ሴትዮዋ ሳያቋርጡ ሰሙት። ከዚያ ትራሱን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ጎደሎ ነው» አሉ።

ምንዋጋው አፉን ሊከፍት ሲል ይታየሽ ቀደመችው። «እኔ ነኝ ያጎደልኩት፣ እናቴ። ሙሉ ነበር። ፈትቼ አራገፍኩት።»

«ምን መስሎሽ?»

«የውሽማ።»

ለተሥላሴ ትራሱን አዩ፣ ይታየሽን አዩ። «ጓንጉል ነው ውሽማው?» አሉና ሳቁ። ሆዳቸውን ይዘው፣ የማሽላውን ክምር ተደግፈው ሳቁ፤ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ ሳቁ ሳያቋርጥ ለቅሶ ሆነ፤ መለያውን ማንም አላየም። ይታየሽም አብራ አለቀሰች፤ ለባሏ ስታለቅስ ይህ ሦስተኛዋ ነው፣ ለጓንጉል ግን የመጀመሪያዋ። ሴትዮዋ ሲረጋጉ ምንዋጋውን በእጃቸው ጀርባ ትከሻውን መቱት፤ በኃይል።

«ይኸ ለሰባት ዓመቱ ነው» አሉ። «አሁን ተነስና ማሽላውን ከምር። አንድ እጅ አንሶኛል።»

አንድ ሳምንት ከመረ።

ሰቆጣ ሲመለሱ ጥብቅ ሥፍራው የለም ማለት ይቻላል። ሽቦው አለ፤ ቆርቆሮውም አለ። ኮሚቴው ግን ዘበኛው ሲጠፋ ጊዜ ኃላፊነት ተሰምቶት «የልዩ ክብካቤ ሳምንት» አውጆ ነበር። ነጩን የጨው አፈር ጠርገው አውጥተው፣ ከወንዝ ዳር ጥቁር አፈር አምጥተው ሞሉት። ፍግ ጨመሩ። ፀሐይ እንዳይመታው ዳስ ጣሉለት። ጠዋትና ማታ በባልዲ አጠጡት። ለስድስት ዓመት በዶማም በፍየልም ያልሞተው ተክል በዐሥር ቀን በስብሶ ሸተተ። ሥሩ ሳይቀር ተልቶ ነበር።

ፋንታሁን አዘነ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከዚያ ሪፖርቱን ጻፈ። «ክብካቤው በዕቅዱ መሠረት መቶ በመቶ ተከናውኗል» ይላል፤ እውነቱን ነው። ኮሚቴው ተመሰገነ። ምንዋጋው ኮፍያውን መለሰ፤ ዱላውን ግን ማንም አልጠየቀውም። ይታየሽ ድንጋይዋን ወደ ጓሮዋ አንከባልላ መለሰች።

መጋቢት ላይ ከዶክተር አሥራተ ማርያም ደብዳቤ መጣ፤ ስለ ተክሉ ደኅንነት ይጠይቃል። ይታየሽ የጎረቤት ልጅ አስጽፋ መለሰችለት፤ «ጤና ይስጥልኝ። በጨው ኖሮ በፍግ ሞተ። ሆድዎ እንዴት ነው?»

በፋሲካ ወይዘሮ ለተሥላሴ ሰቆጣ መጡ፤ ለዓይናቸው ሐኪም ፍለጋ ነው ያሉት፤ ሐኪሙ ጋ አንድ ጊዜ ሄደው ሁለት ወር ተቀመጡ። ይታየሽ ጨው የምትፈልጥበትን መንገድ ተቹ፤ ምሳሩን ቀምተው ራሳቸው ፈለጡ፤ እውነትም ከሷ ይበልጥ አስተካክለው ፈለጡ። ሁለቱ በዚህ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ እንደገና ተጣሉ። የከፋው ግን ምንዋጋው ነው። አንዴ አፉ ከተከፈተ ወዲህ የሚዘጋው ጠፋ። አሮጊቷ «እስቲ ያንን ደግመህ ንገረኝ» ይላሉ፤ እሱ ይነግራቸዋል። ጓንጉል ባሕር ውስጥ ሊዋኝ ገብቶ ሱሪው እንዴት እንደተወሰደ፣ የሻለቃውን ካልሲ በምን ክር እንደጠቀመው፣ ዓሣ ተጠብሶ ቢቀርብለት «ዓይኑ ያየኛል» ብሎ እንዴት እንዳልበላ።

አንድ ማክሰኞ ገበያው ደርቶ ገዢ ተሰልፎ ይጠብቃል። ሚዛኑን የያዘው ምንዋጋው ነው። ከጋዝጊብላ ድረስ በእግሩ ለመጣ አንድ ገበሬ የሱሪውን ታሪክ ይነግረዋል፤ ሚዛኑ እጁ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ለተሥላሴ ጨው ላይ ተቀምጠው፣ ለሃያኛ ጊዜ እየሰሙ፣ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይስቃሉ።

«አንተ ሰው!» አለች ይታየሽ፤ «ገበያው ሊበተን ነው፣ ጨዉን መዝን!»

«ቆይ» አለ ምንዋጋው፤ «ሱሪውን ገና አላገኘውም።»